እምዬ ያዘሉት መጅ

ዛሬ ጠዋት አውራ ጣቴን ምንም ነገር አልመታውም።

እንደ ልማዴ ከአልጋዬ ወርጄ፣ ነጠላ ጫማዬን እየጎተትኩ ወደ በሩ አመራሁ። ደፉ ጋ ስደርስ ቀኝ እግሬ በራሱ ጊዜ ተሸማቀቀ፤ ምቱን ጠበቀ። ምቱ ቀረ። አፌ ላይ ተዘጋጅቶ የነበረው እርግማንም መውጫ አጥቶ ተመለሰ። ስንት ዘመን በየማለዳው ስረግመው የኖርኩት ድንጋይ ከበሩ ሥር የለም!

ወጥቼ ስፈልግ ቧንቧው ጋ አገኘሁት። የባልዲ ማስቀመጫ ሆኗል። ያንቺ ሥራ ነው፤ ትናንት ከቡሬ በሚኒባስ መጣሽ፣ ቦርሳሽን እንኳ ሳትፈቺ ቤቴን ማስተካከል ጀመርሽ። «አባባ፣ ይሄ ድንጋይ አንድ ቀን ይጥልዎታል» ስትዪኝ ሰምቼሻለሁ። ያልሰማሁ የመሰልኩት ጆሮዬ ደክሞ አይደለም፤ ጆሮዬ የሚደክመው ሲመቸኝ ነው።

አልተቆጣሁም። ነይ፣ ሻይሽን ይዘሽ እዚህ ደፉ ላይ ቁጭ በዪ። ያ ዝም ብሎ ድንጋይ አይደለም፤ መጅ ነው። እናንተ ዱቄት በከረጢት ሲገባ እያያችሁ ስላደጋችሁ አልፈርድባችሁም። ወፍጮ የሚባለው ከታች የሚተኛው ሰፊው ድንጋይ ነው፤ መጅ ደግሞ ከላይ ሆኖ፣ በሁለት እጅ እየተገፋ፣ እህሉን የሚያደቀው። የዚህኛው ወፍጮ የት እንደ ወደቀ አላውቅም። መጁ ብቻ ቀርቷል፤ ልክ እንደ እኔ፣ ያለ ጓደኛ፣ ያለ ሥራ፣ በር ላይ ተቀምጦ አላፊ አግዳሚውን እያደናቀፈ።

ይሄን መጅ አዝላ የሄደች ሴት አይቻለሁ። እንደ ልጅ፣ በጀርባዋ።

ነገሩ የሆነው በጃንሆይ ዘመን መጨረሻ ግድም ነው። እኔ እዚሁ ፍኖተ ሰላም የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነበርኩ። ያኔ ተማሪ መሆን እንደ አሁኑ አይምሰልሽ፤ በመንገድ ሳልፍ ሰው ሁሉ ዞሮ የሚያየኝ ይመስለኝ ነበር። ምናልባት ያየኝ እንደሆነ ሱሪዬን ነው። ለፋሲካ የተሰፋልኝ፣ በሁለት ጎኑ ኪስ ያለው ሱሪ ነበረኝ። ኪሱ ውስጥ የምከተው ነገር ስላልነበረኝ እጄን እከትበት ነበር። እጅን ኪስ ከትቶ መንጎራደድ ያኔ ግማሽ ትምህርት ነበር።

እምዬ የምንላቸው የአባቴ አክስት ነበሩ። ቤታቸው ከማንኩሳ ወደ ቡሬ ሲኬድ፣ ከመኪናው መንገድ ወደ ታች ወርዶ፣ አንድ ጅረት አጠገብ ነበር። ባላቸው ከሞተ ቆይቷል፤ ልጅ አልወለዱም። ስለዚህ የዘመድ ልጅ ሁሉ የሳቸው ነበር። በየዓመቱ ከፋሲካ በኋላ ስኳርና ሳሙና ይዘን ልንጠይቃቸው እንሄዳለን። እሳቸው ታዲያ ሲቀበሉን ጉንጫችንን ከመሳማቸው በፊት መዳፋችንን ገልብጠው ያያሉ። የባላገሩን ልጅ መዳፍ አይተው ዝም ይላሉ። የኔ ተራ ሲደርስ ግን ጎረቤት ይጠራል፦

«ኑ እዩልኝ እስቲ! ይሄ እጅ ነው ወይስ ለጋ ቅቤ?»

በዚያ ዓመት ከማንኩሳ ገበያ የተመለሰ ሰው ወሬ ይዞ መጣ። እምዬ ከቆጥ ላይ ሲወርዱ ወድቀው ጉልበታቸው አብጧል፤ ወጌሻ አሽቷቸው «አይነሡ» ብሏል አለ። አባቴ በቅሎዋን አስጫነ፣ ኮርቻው ላይ ንጹሕ ጋቢ አጥፎ አስቀመጠ፣ እኔንና ታናሽ እህቴን ጠራን። ታናሽ እህቴ ስልሽ አያትሽን ነው፤ ያኔ ቀጭን፣ ጠይም፣ ምላሷ ከበርበሬ የማይተናነስ ልጅ ነበረች።

«አክስቴ ከእንግዲህ ብቻቸውን አይኖሩም» አለ አባቴ። «ይዛችኋቸው ኑ። እምቢ ካሉም አንተ ወንድ ነህ፣ አንሥተህ ኮርቻው ላይ አስቀምጣቸው።»

ወንድ ነህ ሲለኝ ደረቴ ተነፋ። አያትሽ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ከጎኔ፣ «እሳቸው አንተን አንሥተው ካላስቀመጡህ» አለችኝ።

ጎሕ ሲቀድ ተነሣን። የፋሲካ ሰሞን ዝናብ አፈሩን ነካ አድርጎት ነበርና ምድሩ የእርጥብ ሸክላ ሽታ ይሸታል። እዚህም እዚያም የተቃጠለ ቁጥቋጦ ጭስ ከሜዳው ላይ ሳይነሣ ተኝቷል። ለሱሪዬ ማዛመጃ ብዬ ከአጎቴ የተዋስኩት ጫማ ገና ከከተማ ሳንርቅ ተረከዜን መብላት ጀመረ። ማንኩሳ እስክንደርስ ቻልኩ፤ ማንኩሳን እንዳለፍን በቅሎዋ ላይ ወጣሁ። አያትሽ ከፊት ከፊት ትሄዳለች፣ እየዘፈነች። ዘፈኑ ውስጥ ጫማ የሚል ቃል ደጋግሜ ሰምቻለሁ።

መንደሩ ሲቃረብ ወረድኩ። ጎረምሳ በበቅሎ ተቀምጦ፣ ሴት ልጅ በእግሯ እየሄደች ቢያዩን ምን ይባላል ብዬ ነው። ስለዚህ በቅሎዋ መንደሩን የገባችው ባዶ ኮርቻ ይዛ ነው።

ይሄን የመሰለ ብልኅነት ነገር አመጣ። በዚያ አገር ባዶ ኮርቻ የተጫነች በቅሎ ወደ አንዲት ሴት ደጅ ስትሳብ ከታየች ራሷ ወሬ ናት። ወይ ሙሽራ ሊወሰድ ነው፣ ወይ ቤቷን ዘግታ የምትሄድ ሴት አለች። እምዬን በሙሽርነት የሚጠረጥር አልነበረም። ጅረቱ ዳር ልብስ የሚያጥቡ ሴቶች እጃቸውን አቁመው በዓይናቸው ሸኙን። አንደኛዋ በረጅሙ፣ «ወይኔ እመት፣ ሊሄዱ ነው» አለች።

እምዬ ደጃፋቸው ላይ አጎዛ አንጥፈው፣ የታመመ እግራቸውን ዘርግተው ተቀምጠዋል። ለዘር የሚሆን የደረቀ በርበሬ እየሰነጠቁ ፍሬውን በሰፌድ ያወጣሉ። አጠገባቸው ገና ሳንደርስ እኔ አስነጠሰኝ፤ እሳቸው ዓይናቸው እንኳ አላለቀሰም። እኛን ሳይሆን በቅሎዋን አዩ።

«ይቺ በቅሎ ማንን ተሸክማ መጣች?»

«ማንንም፣ እምዬ» አልኩ።

«እንግዲያ ማንን ልትሸከም መጣች?»

እኔ የበቅሎዋን ልጓም አስተካከልኩ። አያትሽ ግን፣ «አንቱን ነው። አባባ ነው የላከን» አለች፣ እንቅጩን።

«ቶሎ ከጓሮ እሰሯት! ባዶ ኮርቻ ደጄ ላይ አይታይ!»

አስረናት ሳንመለስ ሰዎች ሲመጡ አየን።

እዚህ ላይ ስለ ማሳዋ ልንገርሽ። ከእምዬ ቤት በታች ጅረቱን ተከትላ የምትወርድ ጠባብ ማሳ ነበረች፤ አንድ ጥማድ አትሞላም። ውኃ ዳር ስለሆነች ግን የበርበሬ ችግኝ የሚፈላው እሷ ላይ ነበር። የአጥቢያው ሴት ሁሉ ችግኝ የምትወስደው ከእምዬ ነው፤ የእምዬ ኑሮና ክብርም እዚያች ላይ ነበር። እሳቸው «ከአባቴ የወረስኳት ርስቴ ናት» ይላሉ። ዋርሳቸው፣ ማለት የሟች ባላቸው ታናሽ ወንድም፣ «የወንድሜ ነበረች፣ ለኔ ትገባለች» ይላል። ባላቸው ከሞተ ጀምሮ በሬ ጠምዶ፣ ምርቱን እኩል እየተካፈለ የሚያርስላቸው እሱ ነበር፤ ሲያርሳት ሲያርሳት የራሱ መሰለችው። እኔም ከጎረቤት የተዋስኩትን መሰላል ዛሬ የኔ ነው ብዬ ብምል በልቤ አልዋሸሁም፤ ስለዚህ ሰውየውን ብዙ አልፈርድበትም።

ሽማግሌዎች ሲያስማሙ ከርመው ነገሩን ለመሐላ ሰጡት። የዚያ አጥቢያ የድንበር መሐላ እንዲህ ነው፦ የኔ ነው የሚለው ሰው ከቤቱ ድንጋይ ተሸክሞ ማሳውን ይዞራል። ሰው አይደግፈውም፣ ምርኩዝ አይዝም፣ ድንጋዩ መሬት አይነካም። ወሰኑ ጋ ደርሶ ከማለ ማሳው የሱ ነው። መንገድ ላይ ከጣለው ወይም የሰው እጅ ከነካው፣ ድንጋዩ መሰከረበት ይባላል፤ ከዚያ ወዲያ ክርክር የለም። እምዬ ሊዞሩ ቀን ተቆርጦ ሳለ ነው የወደቁት። እስኪድኑ ይቆይ ተብሎ ነበር። የኛ ባዶ ኮርቻ ግን ነገሩን አፈጠነው።

የመጡት ዋርሳው፣ የአጥቢያው ጭቃ ሹምና ሁለት ሽማግሌዎች ነበሩ። ዋርሳው ረጅም፣ ጎንበስ ያለ፣ ለስላሳ አንደበት ያለው ሰው ነው።

«እትዬ፣ እንዴት ዋሉ? ልጆቹ መጡልዎት፣ እሰይ። ከተማ መልካም ነው። ቤትዎን ዘግተው የሚሄዱ ከሆነማ ዙሩስ ምን ያደርጋል? ማሳዋን ትተዋታል ማለት ነው።»

«እሄዳለሁ ማለቴን ማን ነገረህ?»

«በቅሎዋ ከነኮርቻዋ መጥታለቻ!»

«በል እንግዲያ ከጓሮ ታስራለች፣ ሂድና ከሷ ጋር ተማከር። እኔን አላማከረችኝም።»

ሽማግሌዎቹ ሳቃቸውን በኩታቸው ጫፍ አፈኑ። ጭቃ ሹሙ ጉሮሮውን ጠረገ። «እመት፣ እርሻ ደርሷል። ማሳ ያለ ባለቤት አይከርምም። ሲሄዱ ያየ ሰው ትተውታል ይላል፤ እኔም ላስቆመው አልችልም። ይዞራሉ ወይስ ይተዋሉ?»

እምዬ አንድ በርበሬ ሰነጠቁ። ፍሬውን አራገፉ። «ነገ ጠል ሲረግፍ እዞራለሁ» አሉ።

ሲሄዱ እኔ ተማሪው ተናገርኩ። አውራጃ ፍርድ ቤት አለ፣ ሕግ አለ፣ ይግባኝ አለ፣ የታመመ ሰው አይገደድም፤ የማውቀውን ሁሉ፣ የማላውቀውንም ጨምሬ አስረዳሁ። እምዬ በጥሞና ሰምተው ሲያበቁ፣ «የምትለው ሁሉ ጥሩ ነው። ቡሬ ደርሼ ተከራክሬ እስክመለስ የበርበሬውን መደብ ማን ያጠጣዋል? አንተ? በዚህ እጅ?» አሉኝ።

ከዚያ ድምፃቸውን ለውጠው እንዲህ አሉ፣ ዛሬም ጆሮዬ ላይ አለ፦

«ስማኝ ልጄ። አባትህ ምን ብሎ እንደ ላከህ ሳትነግረኝ አውቄዋለሁ፣ ያሳደግሁት እኔ ነኝ። ነገ የወደቅሁ እንደሆነ ማሳዬም ሄደች፣ እኔም እዚህ የምቆይበት ጉዳይ የለኝም፤ አንሥተህ በበቅሎዋ ጫነኝ፣ አልናገርህም። እስክወድቅ ድረስ ግን የኔ ነህ።»

እኔ እሺ ከማለት በቀር ምን እላለሁ? አያትሽ ቅቤ አሙቃ ጉልበታቸውን አሸችላቸው። እብጠቱ የሕፃን ራስ ያክላል። ስታሸው እምዬ ጥርሳቸውን ነክሰው ስለ ሌላ ነገር ያወራሉ፤ ስለ ላሟ፣ ስለ ቄሱ ሳል፣ ስለ ሱሪዬ።

ባጃጁ ይለፍና ልቀጥል። ድሮ በዚህ መንገድ አንድ መኪና ካለፈ ሳምንት እናወራው ነበር፤ ዛሬ አንድ ዓረፍተ ነገር አያስጨርሱሽም።

በማግሥቱ ጠዋት እምዬ ለአያትሽ፣ «ድንጋይ አምጪልኝ» አሏት። እሷም ብልኅ ናትና አጥሩ ሥር ፈልጋ ትንሽ፣ ቀላል ድንጋይ ይዛ መጣች። እምዬ አዩት።

«ይሄን ማን ያውቀዋል? መጁን አምጪው።»

«እምዬ፣ መጁ ከባድ ነው!»

«ይሄ ያመጣሽው ሾጣጣ ነው፤ ሁለት እርምጃ ሳልሄድ ጀርባዬን ይበሳዋል። ሰዉም ቀላል መረጠች ይላል። መጁ ለስላሳ ነው፣ እንደ ሕፃን ረዘም ያለ ነው፣ ለማዘል ይመቻል። ደግሞ ከተዳርኩ ጀምሮ ስገፋው ኖሬያለሁ፤ ዛሬ እሱ ቢገፋኝ ምናለበት።»

አያትሽ መጁን ከወፍጮው ላይ አንሥታ ጀርባቸው ላይ አስቀመጠች። እምዬ ነጠላቸውን በትከሻና በብብታቸው አዙረው ደረታቸው ላይ ራሳቸው ቋጠሩ። ልጅ ያላዘሉ ሴት፣ እንደዚያ አድርገው ሲቋጥሩ ማን እንዳስተማራቸው አላውቅም። መቼም ሴት ሁሉ የሌላውን ልጅ አዝላለች። ከዚያ የበሩን መቃን ይዘው ተነሡ። እዚያ ድረስ መያዝ ይፈቀዳል፤ ዙሩ የሚጀመረው ከደጁ ወይራ ነው።

ከወይራው ሥር ሰው ተሰብስቧል። ዋርሳው መጁን ሲያይ፣ «ይሄ ልክ አይደለም» አለ። «ድንጋይ ነው የተባለው። መጅ ድንጋይ ነው ወይ?»

ጭቃ ሹሙ ዞሮ አየው። «ታዲያ ዳቦ ነው?»

ዙሩ ተጀመረ። እምዬ ከፊት፣ ሽማግሌዎቹ ከኋላ፣ እኔ ከጎን። አያትሽ ደግሞ ከእምዬ ፊት ቀድማ መሄድ ጀመረች። ዋርሳው «ልጅቱ ምን ታደርጋለች?» ሲል፣ «መንገድ እየሄድኩ ነው» አለችው። ክልክል የተባለው መደገፍ ነው እንጂ ከፊት መሄድ አይደለም። ጠንካራውን መሬት እየመረጠች እግሯን ታሳርፋለች፤ እምዬ እሷ የረገጠችበትን ይረግጣሉ። አንዲት ቃል አልተነጋገሩም። ማታ ተማክረው ይሁን ወይም እዚያው ተግባብተው፣ ኋላም ብጠይቃት አልነገረችኝም።

የላይኛውን ድንበር፣ በቅንጭቡ አጥር ሥር ያለውን፣ በደኅና ሄዱ። ወደ ጅረቱ የሚወርደው ቁልቁለት ላይ ግን ጉልበታቸው ከዳቸው። እግራቸው ሲታጠፍ አየሁ። እኔ ሁለት እጄን ዘርግቼ ዘለልኩ፤ እጄ ሊነካቸው ጥቂት ሲቀረው እምዬ ጮሁብኝ፦

«እጅህን ኪስህ ክተት! ኪስ ያሰፋኸው ለምንድን ነው?»

ከተትኩ። ቀጥ ብዬ ቆሜ፣ ሁለቱንም እስከ አንጓዬ ከተትኩ። እምዬ አልወደቁም፤ ተቀመጡ። መጁ ጀርባቸው ላይ ነው። ቀሚሳቸውን ሰበሰቡና፣ ሕፃን ልጅ ጭቃ ላይ እንደሚጫወተው፣ በመቀመጫቸው እየተንሸራተቱ ቁልቁለቱን ይወርዱት ጀመር።

«ኧረ እንዲህ ያለ ዙር የለም!» አለ ዋርሳው።

«ድንጋዩ መሬት ነካ?» አለ ጭቃ ሹሙ።

«አልነካም፣ ግን...»

«ሰው ነካቸው?»

«አልነካም።»

«እንግዲያ መንገዱን ልቀቅላቸው።»

«ቆሜ እዞራለሁ ያልኩህ መቼ ነው?» አሉ እምዬ ከታች፣ አፈር ለብሰው። ያን ጊዜ ሰው ሁሉ ሳቀ፤ ዋርሳውም ሳያስበው ሳቀ።

ጅረቱ ጋ ሲደርሱ ውኃው ውስጥ ገቡ። የታችኛው ድንበር እሱ ነውና ማንም አልከለከላቸውም። ቀዝቃዛው ውኃ ጉልበታቸውን ሲነካ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ውኃው ውስጥ እየተራመዱ፣ ጠጠሩ ከእግራቸው ሥር ሲንሿሿ ይሰማኛል፤ የእርጥብ ቄጠማው ሽታ፣ ብሳናው ላይ የምትጮህ ወፍ። እስከዚያ ድረስ እኔ በልቤ አባቴን እያሰብኩ ነበር፤ ሲወድቁ እንዴት እንደማነሣቸው፣ ኮርቻው ላይ እንዴት እንደማስቀምጣቸው። እዚያ ጅረት ውስጥ ረሳሁት። ከዚያ ወዲያ የፈለግሁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እንዳይወድቁ።

የመጨረሻው አቀበት ነበር። ከጅረቱ ወደ ወሰኑ ድንጋይ የሚወጣው፣ ጠጠርና እሾህ የሞላበት። እምዬ ቆመው አዩት። ከዚያ በእጃቸውና በደኅናው ጉልበታቸው ተንበረከኩ፣ የታመመውን እየጎተቱ መውጣት ጀመሩ። ሣሩን እየጨበጡ፣ እየሳቡ። አሁን ማንም አልሳቀም። ግማሽ መንገድ ላይ ሲደርሱ መጁ ወደ ጎናቸው መንሸራተት ጀመረ። በውኃው የራሰው ነጠላ ቋጠሮው ላልቷል። ድንጋዩ ከጀርባቸው ወደ ጎን አጥንታቸው፣ ከዚያ ወደ ሆዳቸው ሊዞር ነው፤ ከዞረ መሬት ይነካል። አንድ እጃቸውን ካነሡ ደግሞ ወደ ኋላ ይንከባለላሉ።

እጄ ኪሴ ውስጥ ሆኖ ጭኔን ሲቧጭር ይሰማኛል።

አያትሽ ዞር አለች። ቁልቁል አየቻቸውና፣ የገበያ ዋጋ የምትጠይቅ ያህል ተረጋግታ፣ «እምዬ፣ ጥርስ አለዎት አይደል?» አለች።

እምዬ አንገታቸውን አጎነበሱ፣ የነጠላውን ጫፍ በጥርሳቸው ነከሱ፣ ራሳቸውን ወደ ጎን ሲጎትቱት ቋጠሮው ጠበቀ። መጁ ወደ ቦታው ተመለሰ። እንደዚያው፣ ነጠላው አፋቸው ውስጥ እንዳለ፣ ወጡ። የሚሰማው በጥርሳቸው መኻል የሚያፏጨው ትንፋሻቸው ብቻ ነው። ከፊታቸው አንድ እሾሃም የቀጋ ቅርንጫፍ ወድቆ ነበር። ዋርሳው ቀደም አለና ጎንበስ ብሎ አነሣው፤ ወደ ጅረቱ ወረወረው። ጭቃ ሹሙ ያኔ ሰማይ ሰማይ ያይ ነበር።

ወሰኑ ጋ ደረሱ። በጎናቸው ጋደም አሉና ነጠላውን ከጥርሳቸው ለቀቁት። መጁ ተንሸራቶ የወሰኑ ድንጋይ ላይ አረፈ። ኳ አለ። ብዙ ድምፅ ረስቻለሁ፣ የእናቴን እንኳ በደንብ አላስታውሰውም፤ ያን ኳ ማለት ግን አልረሳሁትም።

«ይቺ ማሳ የአባቴ ናት» አሉ፣ ትንፋሻቸውን እየሰበሰቡ። «ሐሰት ብናገር ይሄ መጅ መቃብሬን ይጫነው።»

ሽማግሌዎቹ «ይሁን» አሉ። ዋርሳው ቆብ አልነበረውም እንጂ ያወልቅ ነበር። ቀረብ ብሎ ትከሻቸውን ሳመ።

«እትዬ፣ ነገ በሬዎቼን አመጣለሁ። እንደ ድሮው እኩል?»

እምዬ ከተኙበት ቀና አሉ። «እኩል ድሮ ነበር። አሁን ላንተ ሲሶ ነው። መጅ አሳዝለኸኛል!»

ከዚያ እኔን ፈለጉኝ። «አንተ! እጅህን አውጣ አሁን፤ በቅሎዋን አምጣልኝ።»

የሚሄዱ መስሎኝ ሮጥኩ። አመጣሁ። አንሥቼ ኮርቻው ላይ አስቀመጥኳቸው፣ አባቴ እንዳለው። እሳቸው ግን ልጓሙን ወደ መንገዱ አላዞሩትም።

«አሁን ደግሞ እንደ ሰው ልዙራት» አሉና፣ በዚያ አፈር በጠጣ ቀሚሳቸው፣ ጋቢውን ተከናንበው፣ ማሳቸውን ከወይራው እስከ ጅረቱ፣ ከጅረቱ እስከ ወሰኑ ቀስ ብለው በበቅሎ ዞሯት። ሴቶቹ ከጅረቱ ዳር እልል አሉ። ባዶ ኮርቻ የላከው ሰው ይሄን ቢያይ ደስ ባለው።

የላከው ሰው ግን አላየም። ባዶ በቅሎ ይዘን ፍኖተ ሰላም ስንገባ አባቴ በር ላይ ቆሟል። «አክስቴስ?» አለኝ። እኔ በቅሎዋን ሳስር አያትሽ፣ «ሥራ አለባቸው» አለችው። ወደ ቤት ገባች። ነገሩ በዚህ አለቀ።

ጉልበታቸው ግን እንደ ድሮው አልሆነም፤ እስከ መጨረሻው ያነክሱ ነበር። አያትሽ ከዚያ ወዲያ ትምህርት በተዘጋ ቁጥር እዚያው ትከርም ነበር፤ መዳፏ እንደ ባላገር ልጅ ሻካራ ሆነ። እምዬም ገልብጠው ማየቱን ተዉላት።

ጥቂት ዓመታት ቆይቶ አዋጅ መጣ፤ መሬት የማንም ርስት መሆኑ ቀረ። ያቺ ማሳም ተሸንሽና ለሌሎች ደረሰች። ላጽናናቸው ብዬ ሄድኩ። ያን ሁሉ መከራ በከንቱ አዩ ብዬ አዝኜ ነበር፤ ፊቴም አስታውቋል መሰለኝ።

«ምን ሆነህ ነው ለቅሶ ቤት የመጣህ የምትመስል?»

«ማሳዋ እምዬ...»

«ማሳዋን ወሰዱ» አሉ፣ ሰፌዳቸውን እያንቀጠቀጡ። «ዙሬን ይውሰዱት እስቲ።»

ሲሞቱ እኔም አያትሽም ደርሰናል። ተዝካራቸው ሲወጣ ዘመድ ያለቻቸውን ዕቃ ተካፈለ፤ ላሟን አንዱ፣ ጋኑን አንዱ። አያትሽ መጁን አለች። ለምን እንደ ሆነ የጠየቃት የለም። ነጠላዋን በትከሻና በብብቷ አዙራ አዘለችው፤ እስከ መኪናው መንገድ ድረስ ያን ዳገት ይዛው ልትወጣ። እኔ ያኔ ትልቅ ሰው ነኝ፣ የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ፣ ክራባት አለኝ። «ላግዝሽ» ብዬ እጄን ዘረጋሁ።

ሳትዞር፣ «እጅህን ኪስህ ክተት» አለችኝ።

ኋላ አርጅታ ወደ እኔ ስትመጣ መጁን ይዛው መጣች። ነፋስ ይሄን በር ሌት ተቀን ሲያንኳኳው ጊዜ፣ በሩን እንዲይዝ እሷ ናት እዚያ ያስቀመጠችው። እኔ በየጠዋቱ እየተደናቀፍኩ ስረግም እሷ አልጋዋ ላይ ሆና ስትስቅ እሰማ ነበር። አሁን ሳቁ የለም፤ እርግማኔን ግን አላቋረጥኩም። ዝናብ ሲመታው፣ መጁ በርበሬ በርበሬ ይሸተኛል። አፍንጫህ ነው ይሉኛል። ይሁን፣ አፍንጫዬ ነው።

እኔ እኮ ያን መጅ ከቦታው ነቅነቅ ካደረግሁት ዘመን የለውም፤ ወገቤ አይፈቅድም። አንቺ ማለዳ ተነሥተሽ፣ ማንንም ሳትጠሪ፣ ከዚህ እስከ ቧንቧው ወስደሽዋል። ምን አድርገሽ ነው የያዝሽው? በደረትሽ? በጀርባሽ? እስቲ መዳፍሽን አሳዪኝ።

እሺ። አሁን ሻይሽን ጨርሺና ሂጂ፣ ከባልዲው ሥር አውጥተሽ መልሺልኝ፤ እዚያው፣ ጣቴ የሚያውቀው ቦታ ላይ። ላግዝሽ አልልም። እኔ እጄን ኪሴ ከትቼ አይሻለሁ።